የውጫሌው ፈተና

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ምስጢር ያለው ሰው ከተሾመች አሳ ቤት ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ሴትዮዋ ክፉ ሆና አይደለም፤ ክፋትን በስሙም አታውቀው። ግን አፏ መዝጊያ የለውም። አሳዋን በዘይት እያገላበጠች የራሷን ትነግርሃለች፣ የጎረቤቷን ትነግርሃለች፣ ቶሎ ካልተነሳህ ደግሞ የአንተኑ ታሪክ ከአንተ አሳምራ ትነግርሃለች። በላተኛው ታዲያ አሳውንም ወሬውንም ይወድላታል፤ አንዱን ለብቻው ስጪኝ ያለ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

በዚያ ሰሞን ግን ወሬዋ ሁሉ አንድ ሆነ። አንዲት ልጇ ስህን ማላዊ የሚባል አገር ልትሄድ ነው፣ ያውም ብቻዋን። ስህን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ሙያዋ እህልን ከነቀዝ ማዳን ነው፤ ማላዊ ያሉ ሴቶች በቆሏቸውን እንዴት እንደሚያቆዩ መንደር ለመንደር እየዞረች እንድታጠና ሦስት ወር ተሰጥቷታል። ተሾመች ይህን ለበላተኛው ሁሉ በኩራት ታወራለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ ልጇን "አትሄጂም" ትላታለች።

የከለከለቻት በጉልበት አይደለም፤ ምርቃቷን በመንፈግ ነው። በዚያ ቤት ያለ እናት ምርቃት ደጃፍ የተሻገረ የለም። ስህን አንደኛ ክፍል ስትገባ ተመርቃ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ተመርቃ ነው፣ ጥርሷን ልታስነቅል ደሴ ስትሄድ እንኳ ተመርቃ ነው። እናቷ መዳፏን ዘርግታ ካላሳለፈቻት ከአገር አትወጣም፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ስህን እሄዳለሁ ወይም እቀራለሁ ብላ ለዩኒቨርሲቲው መልስ የምትሰጥበት ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው።

"ከአገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ። ሰምተሻል?" አለቻት ተሾመች አንድ ቀን።

"ሰምቻለሁ እማ። እኔ ግን የምሄደው ልጠይቅ ነው እንጂ ልጫን አይደለም።"

"ስትጠይቂ እነሱም ይጠይቁሻላ።"

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ተሾመች የማላዊን ሰው አልፈራችም፤ አገሩ በየት በኩል እንደሆነም አታውቅ። የፈራችው ራሷን ነው። ልጅቷን ያሳደገችው በራሷ ወግ ነዋ። እኛ ዘንድ መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ደህና ዋልሽ ብሎ ብቻ አያልፍም። ከየት መጣሽ፣ ወዴት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ፣ ከማን ጋር ነሽ፣ የት ታድሪያለሽ ይላል። ጠያቂው ነገረኛ ሆኖ አይደለም፤ ቢመሽብሽ ላሳድርሽ፣ ቢርብሽ ላጉርስሽ ማለቱ ነው። ተጠይቆ የማይመልስ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ጥጋበኛ። ስህን ልጅ ሳለች አንድ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቀዋት አፍራ ዝም ብትል፣ ተሾመች ጆሮዋን ቆንጥጣ "ተመልሰሽ ንገሪያቸው" ብላ ልካታለች። አሁን ያ ቁንጥጫ ይቆጫት ጀመር። ሰው አገር ሄዳ ለጠየቃት ሁሉ "ብቻዬን ነኝ፣ እዚያ ቤት ነው የማድረው" ብላ ብትናገርስ?

ቢቸግራት ጎረቤቷን ዘሀራን ጠራች። ዘሀራ ጂዳ ሰው ቤት ለዓመታት ሠርታ የተመለሰች፣ ዛሬ የጨርቅ ሱቅ ያላት፣ ስታወራ የማትቸኩል ሴት ናት። ከተሾመች ጋር አንዷ ክርስቲያን አንዷ ሙስሊም ሆነው ፋሲካውንም ኢዱንም አብረው ሲያከብሩ ኖረዋል። የተሾመች ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ዘሀራ ያየችውን ትነግራታለች፣ ልጅቷም ደንግጣ ትቀራለች።

ዘሀራ ተቀመጠችና ነገረቻት። "ጂዳ ከአውሮፕላን እንደወረድኩ አንዲት ሴት በአማርኛ 'እህቴ' አለችኝ። ደስ አለኝ፣ አገሬን ያገኘሁ መሰለኝ። ከየት ነሽ ስትለኝ ከሐይቅ አልኩ። ሰው አለሽ ወይ ስትለኝ የለኝም አልኩ። ማን ይቀበልሻል ስትለኝ እንጃ አልኩ። ያ ረቢ፣ ምን አስቀረሁባት? ፓስፖርቴንም ያዥልኝ ብዬ የሰጠኋት እኔው ነኝ። መልሼ በዓይኔ ያየሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።"

"ሰማሽ?" አለች ተሾመች ወደ ልጇ ዞራ።

"አልጨረስኩም እኮ ተሹ" አለች ዘሀራ። "የጎዳኝ መሄዴ አይደለም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? የጎዳኝ እሱ ነው። ኋላ ለምጄ የለም ወይ በደህና ሠርቼ የመጣሁት? ስሚኝ ስህን። ውሸት አልመክርሽም። ውሸት ሀራም ነው፣ ደግሞም ይረሳል። ዝምታም አያዋጣም፣ ሰው ያስቀይማል። ሲጠይቁሽ መርቂያቸው። 'ብቻሽን ነሽ?' ያለሽን ሰው 'ልጆችዎን ያሳድግልዎ፣ ስንት አደረሱ?' በይው። አሚን ማለት ግድ ይሆንበታል። ስለ ልጆቹ ሲያወራ ደግሞ የጠየቀሽን ይረሳዋል።"

ስህን ከልቧ ሳቀች። እሷም ባዶ እጇን አልተቀመጠችም ነበር። እያንዳንዱን ከተማ ሳይመሽ እንድትደርስ አድርጋ መንገዷን ቀይሳለች። የፓስፖርቷን ቅጂ ሦስት ቦታ አስቀምጣለች፤ በአገሩ ቋንቋ ሰላምታና "እርዱኝ" ማለትን ለምዳለች። በየመንደሩ ስትገባ ከሴቶች ማኅበር አንዲት ሴት እንድትቀበላት ተጻጽፋ ጨርሳለች። "የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው እትዬ ዘሀራ" አለች። "የምርቃቱ ግን አልመጣልኝም ነበር። ይሄን ጨምሬዋለሁ።"

ተሾመች ነገሩ በእጇ ላይ ሲገለበጥ አየች። ልታስፈራራ የጠራቻት ሴት ልጅቷን ታስታጥቅላት ጀመር። "በወሬማ ሁሉም ጎበዝ ነው" አለች ተቆጥታ።

ስህን ቀስ ብላ ተነሳች። "እሺ እማ፣ ፈትኚኝ። አምባሰል ዘመድ የለንም አይደል? የፊታችን የገበያ ቀን ውጫሌ ብቻዬን ልሂድ። ስሜንና ሥራዬን እናገራለሁ፣ ሥራዬ ነውና አልደብቅም። ግን የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ቤቴ የት እንደሆነ፣ በምን እንደምመለስ አንድ ሰው ካወቀ ማላዊ ቀረ። ማንም ካላወቀ ትመርቂኛለሽ። እንወራረድ።"

"ውርርድ ሀራም ነው" አለች ዘሀራ። "ፈተና በሉት። ፈታኟ እኔ እሆናለሁ፣ አጣርቼ እፈርዳለሁ።"

ተሾመች በደስታ ተስማማች። ስህን አርባ ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ሄዳ ሳትናገር ትመለሳለች ብላ አላመነችም። የእሷ ልጅ አይደለች?

የገበያው ቀን ደረሰ። መንገዱ ሰላም የሆነበት ሰሞን ነበር። ስህን በጠዋት ትንሽ ቦርሳዋን በትከሻዋ አሻግራ ወጣች። የመጀመሪያውን ሚኒባስ አሳለፈችው፣ ውስጡ ወንድ ብቻ ስለነበር። በሁለተኛው ላይ በሁለት ሴቶች መካከል ተቀመጠችና ሄደች። ይህን ሁሉ ተሾመች ከአንድ ሱቅ በር ተደብቃ አየች። ቤቷ መቀመጥ አቅቷት ዘሀራን ጎትታ መናኸሪያ መጥታለች። ዘሀራ "ፈታኟ እኔ፣ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?" ብትላትም አልሰማቻትም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ፣ ዘሀራን አስከትላ ቀጣዩ ሚኒባስ ላይ ወጣች።

መከናነቧስ ደህና ነበር። አፏንም ቢሸፍንላት ኖሮ።

ገና ከከተማው ሳይወጡ አጠገቧ የተቀመጠው ወጣት ቦታውን ለቆ በመስኮቱ በኩል አስቀመጣት፣ ዘንቢሏንም ተቀብሎ እግሩ ሥር አኖረላት። የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ አንገቱን የደፋ፣ "እናቴ" የሚል ልጅ ነበር። "ወዴት ነዎት እናቴ?" አላት። እሷ ደግሞ ለደግ ሰው መልስ የምትነፍግ ሴት አይደለችም። ውጫሌ ልጇን በድብቅ ተከትላ እንደምትሄድ ነገረችው። ልጇ ስህን እንደምትባል ነገረችው። ስለ ነቀዙ፣ ስለ ማላዊ፣ እህል ተራ ውላ እንደምትመለስ ነገረችው። ሐይቅ ላይ አሳ ቤት እንዳላት፣ ግፊት እንዳለባት፣ ልጅቷ እናቷን ክፉ ነገር ከነካት ነፍስ እንደማይቀርላት ሁሉ ነገረችው። ዘሀራ ከኋላ ወንበር ሦስት ጊዜ ቆነጠጠቻት። ተሾመች እየተቆነጠጠች ቀጠለች። የአምባሰል ተራሮች ብቅ ሲሉ እንኳን ያ ወጣት፣ ሹፌሩም ረዳቱም ስህንን አብረው ያሳደጓት ያህል ያውቋት ነበር።

ውጫሌ ሲደርሱ ወጣቱ ዘንቢሏን አውርዶ ሰጣት፤ እሷም መረቀችው። ወዲያው ከገበያተኛው ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ።

ሁለቱ ሴቶች በርበሬ ተራ ገቡና ከተከመረው ጆንያ ጀርባ ተሸሸጉ። እህል ተራው ከፊታቸው ነው። ተሾመች ማስነጠሷን እየዋጠች በጆንያዎቹ መካከል አየች። ስህን እዚያው ናት። ጥግ አልያዘችም፣ መሐል ገብታ ተቀምጣለች፤ ከእህል ሻጮቹ ሁሉ በዕድሜ ትልቅ ከሆኑት ከአሮጊቷ ከዑምኩልሱም አጠገብ። የዩኒቨርሲቲውን ደብዳቤ አሳይታ፣ ስሟንና ሥራዋን ተናግራ፣ ፈቃድ ጠይቃ ነው የተቀመጠችው። ማሽላውን በመዳፏ እየዘገነች ትጠይቃለች፣ የሰማችውንም ትጽፋለች።

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?" አሏት ዑምኩልሱም።

ተሾመች ጆሮዋን ወደ ጆንያዎቹ ክፍተት አስጠጋች።

"የእርስዎ ልጅ ልሁን እናቴ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። ይሄን ማሽላ ምን አርገውበት ነው ነቀዝ ሳይነካው የከረመ?"

"አሚን፣ አሚን ልጄ፣ አንቺንም ያኑርሽ። ምን አርግበታለሁ፣ የማኖርበትን ጉድጓድ አስቀድሜ በጭስ አጥናለሁ፣ ከዚያ አመድ..." አሉና ቀጠሉ አሮጊቷ። የጠየቁትን ረሱት። ወዲያ ማዶ ያለ አንድ ጨው ነጋዴ "ማደሪያሽ የት ነው እህት?" አላት፤ ስህን ገበያው ይቅናልህ ብላ ስለ ጨው ዋጋ ጠየቀችው፣ እሱም አሜን ብሎ ስለ ጨው ዋጋ ሲያማርር ቀረ። ማንም አልተቀየመ። ሴቶቹ እየተሳሳቁ ወደ እሷ ጠጋ ጠጋ አሉ። አንዷ ውሃ ሰጠቻት፤ ስህን አመስግና ከራሷ ኮዳ ጠጣች፣ ለዚያችም ሴት ከኮዳዋ ቀዳችላት።

ተሾመች ልጇን እንደዚያ አይታት አታውቅም። ቤት ውስጥ መሐረቧን የት እንዳስቀመጠች የምትረሳው ልጅ፣ እዚህ ማን እንደመጣ ማን እንደሄደ ዓይኗ ያያል፤ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው፤ ጀርባዋ ለሴቶቹ ነው እንጂ ለመንገዱ አይደለም። እንዲህም ሆና ፊቷ እንደተፈታ ነው። ተሾመች ኮራች፤ በኩራቷም መካከል ሆዷ ባባ። ልጅቷ አድጋለች፤ መቼ እንዳደገች ግን ማንም አልነገራት።

የቆዳ ጃኬት የለበሰው ወጣት ብቅ ያለው በዚህ መሐል ነው። በቀጥታ ወደ ስህን ሄደ። እያለከለከ ነበር።

"ስህን አይደለሽም? የእትዬ ተሾመች ልጅ፣ የሐይቋ፣ አሳ ቤት ያላቸው?"

ተሾመች ከጆንያው ጀርባ ሆና ዘንቢሏን የያዘላትን ልጅ ለየችው።

"እናትሽ ወድቀዋል" አለ ወጣቱ። "ግፊታቸው ተነስቶ ደሴ ወስደዋቸዋል። ካንቺ በቀር ሰው አይጠሩም። መኪና ይዣለሁ፣ ከኋላ በኩል ነው ያቆምኩት። ቶሎ በይ እህቴ።"

የስህን ፊት አመድ መሰለ። ማሽላው ከመዳፏ ፈሰሰ። ከመቀመጫዋ ተነሳች። ተሾመች እያንዳንዱን ቃል ታውቀዋለች፤ የእሷው ቃል ነው፣ አንድም ሳይጎድል ተመልሶ ልጇን ሊወስድባት መጥቷል። ልትሮጥ ስትል ዘሀራ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። "ቆይ። ከሴቶቹ አንድ እርምጃ ከራቀች አብረን እንወጣለን። ቆይ እያት።"

ስህን መልሳ ተቀመጠች። "እግዜር ይስጥህ ወንድሜ፣ ለእናቴ ስለተጨነቅህ። ማን ላከህ?"

"ጎረቤታችሁ።"

"የትኛዋ ጎረቤቴ?"

"አሁን ስም የምንቆጥርበት ጊዜ ነው? ሴትዮዋ እየሞቱ ነው እኮ።"

"እንግዲያው ልደውልላት።"

"ስልካቸው ዝግ ነው። ሞክሬዋለሁ።"

"እኔም ልሞክር" አለችና ስልኳን አወጣች።

በርበሬ ተራው ውስጥ የተሾመች ስልክ ጮኸ። ዘሀራ በነጠላው አፈነችው፤ ተሾመች ጎንበስ ብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

"እማ? ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"የት ነሽ?"

ተሾመች ይህን ጥያቄ በዕድሜዋ ሙሉ አሳጥራ መልሳው አታውቅም። "አለሁ አልኩሽ እኮ ልጄ። ምንም አልሆንኩም" ብላ ዘጋች። ከዚያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

ስህን ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። ድምጿን ከፍ አድርጋ ለሴቶቹ ተናገረች። "እናቶቼ፣ ይሄ ወንድም እናትሽ ታማለችና በመኪናዬ ልውሰድሽ ይለኛል። እናቴን አሁን አነጋገርኳት፣ ደህና ናት። እዚህ የሚያውቀው ሰው አለ?"

ዑምኩልሱም ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

"የማን ልጅ ነህ አንተ?" አሉት።

"እኔ... መልእክተኛ ነኝ እናቴ።"

"የማን ልጅ ነህ ነው ያልኩህ። ከየት መጣህ?"

"ወዴት ነህ?" አለች አንዷ።

"ማንን ታውቃለህ እዚህ?" አለች ሌላዋ። "ከማን ጋር መጣህ? መኪናው የማን ነው? የት አደርክ?"

ጥያቄው ከዚህም ከዚያም ዘነበበት። ያ ለደግ እንግዳ የእንጀራና የማደሪያ መግቢያ የሆነው ጥያቄያችን ለክፉ ሰው እንዲህ አጥር መሆኑን ተሾመች አስባው አታውቅም ነበር። ወጣቱ ወደ ኋላ ወደ ኋላ አለ። አንድ ሰው ሚሊሻ ሊጠራ ሲሮጥ እሱ በከብት ተራው በኩል ሹልክ ብሎ ጠፋ። መኪናም ቢፈለግ አልተገኘም።

ስህን ራሷን ደፍታ አለቀሰች። ዑምኩልሱም ጀርባዋን ዳበሷት። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና፣ ተሾመች ዓይኗን አላመነችም፣ "አመዱን ከምን ጋር ነው የሚቀላቅሉት ያሉኝ እናቴ?" ብላ ካቆመችበት ቀጠለች። ፈርታለች፤ ግን ሥራዋን አልጣለችም። ስትጨርስ ካሰበችው ሰዓት ቀድማ ተነሳች፤ በመጣችበት መንገድም አልተመለሰችም። ሴቶቹ ከበው በሌላ በኩል አወጧት፣ ሚኒባሱ እስኪነቃነቅም በሩ ላይ ቆሙ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ከኋላ በሌላ መኪና ተሳፈሩ። ተሾመች ቃል አልተነፈሰችም። የሚያውቃት ረዳት "እትዬ ተሾመች፣ አመመሽ እንዴ?" ብሎ እስኪጨነቅ ድረስ ዝም እንዳለች ሐይቅ ገባች።

ስህን ገበያ ላይ የጻፈችውን ቢሮዋ አድርሳ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል መጣች። ዘሀራም ለፍርዱ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ስህን ጫማዋን ሳታወልቅ ከእናቷ ፊት ቁጭ አለች።

"እማ፣ ወድቄያለሁ" አለች። "ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአንድ ሰው እንኳ። ግን አንድ ሰው አውቆኝ መጣ። ያንቺን ስም ጠራ፣ አሳ ቤቱን ጠራ፣ ግፊትሽን ሳይቀር ያውቃል። ከየት እንዳገኘው ባስብ ባስብ አልገባኝም። ምን ላይ እንደተሳሳትኩ ካላወቅሁ ደግሞ ሰው አገር ሄጄ ራሴን እጠብቃለሁ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም። ቃል ቃል ነው። እቀራለሁ።"

ተሾመች ወደ ዘሀራ አየች። ዘሀራ ፊቷን ወደ ደጅ አዞረች፤ ፈታኟ እኔ ብሆን ምስክሯ አንቺ ነሽ ማለቷ ነበር።

ልብ በሉ እንግዲህ። ተሾመች የምትፈልገው ነገር ሁሉ እግሯ ሥር ወድቋል። ልጇ ትቀርላታለች። በየማታው አጠገቧ ትተኛለች፣ ጠዋት ድምጿን ትሰማለች። ለዚህ ሁሉ የሚጠበቅባት ዝም ማለት ብቻ ነው። በዕድሜዋ አንዴ፣ አንዲት ምሽት ዝም ብትል። ዝምታም ከቶ እንደዚያን ምሽት ጣፍጧት አያውቅም። የልጇን ፊት አየች። እዚያ እህል ተራ ውስጥ ያየችው ፊት አልነበረም፤ በራሱ ማመን ያቃተው ፊት ነበር። ይህ ፊት ቤቷ ውስጥ ሲኖር፣ ጠዋት ማታ ፊት ለፊቷ ሲቀመጥ ታያት።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑ?"

"የነገርኩት እኔ ነኝ። ተከትዬሽ መጥቻለሁ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ዘንቢሌን ያዘልኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ስትደውዪልኝ በርበሬ ተራ ጆንያ ሥር ነበርኩ። አንቺ ምንም አልተሳሳትሽም ልጄ። ምንም።"

ስህን የእናቷን ነጠላ ያዘች። "እማ፣ እኔ እኮ የሞትሽ መስሎኝ ነበር።"

"አውቃለሁ። አይቼሻለሁ።" ተሾመች አለቀሰች። "እኔ ብሆን ገና ስሜን ሲጠራ መኪናው ውስጥ ነበርኩ። አንቺ ግን ተቀመጥሽ። ልቤ ሊወጣ ደርሶ፣ ይህቺን ማን ወለዳት ብዬ ተደነቅሁ።"

"ፈተናውን አልፋለች" አለች ዘሀራ ከበሩ ሳትዞር። "የወደቅሽው አንቺ ነሽ ተሹ።"

ተሾመች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ብድግ አለችና ሁለት መዳፏን ዘረጋች። ስህን ተንበረከከች።

"ሂጂ ልጄ። ክፉ አይይሽ፣ ደግ አይለፍሽ። ስትጠይቂ ይመልሱልሽ፣ ሲጠይቁሽ ጥበቡን ይስጥሽ። በሄድሽበት እናት አትጪ። የግሸኗ ማርያም ከፊትሽ ትቅደም፣ እንደ ሄድሽ በሰላም ተመለሺ።"

"አሜን" አለች ስህን። "አሚን" አለች ዘሀራም።

ስህን ከተንበረከከችበት ሳትነሳ የእናቷን እጅ ያዘች። "አንድ ነገር ቀርቷል እማ። ማላዊ ስሆን በየምሽቱ የማድርበትን ቤትና የባለቤቱን ስልክ የሚያውቅ አንድ ሰው እዚህ መኖር አለበት። ሳልደውል ከመሸ ያ ሰው ነው የሚደውለው። ከአንድ ሰው በቀር ማንም አያውቀውም። ያ ሰው አንቺ እንድትሆኚ ነው የምፈልገው።"

ተሾመች ከዚህ ዓለም ከዚያ በላይ ማወቅ የምትፈልገው ነገር አልነበረም። ልጇ በየትኛው ጣራ ሥር እንደተኛች ሳታውቅ ሦስት ወር ልታድር? እሺ ልትል አፏን ከፈተች። ያ አንገቱን ደፍቶ "እናቴ" ያላት ወጣት ትዝ አላት፤ ነገም ሌላ ደግ የሚመስል ሰው አሳ ቤቷ ገብቶ ስለ ልጇ ይጠይቃታል፣ እሷም ራሷን ታውቀዋለች።

"እኔ አይደለሁም" አለች። "ለኔ ደህና መሆንሽን ብቻ ንገሪኝ። የት እንዳለሽ ለዘሀራ ንገሪያት።" ከዚያ ወደ ጎረቤቷ ዞረች። "ዘሀራዬ፣ ብለምንሽም እንዳትነግሪኝ። ባለቅስም እንዳትነግሪኝ።"

ዘሀራ እሺ አለቻት፤ ወላሂ ብላም ጨመረችላት። ስህን እናቷን አቅፋ ቆየችና ዘሀራን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። ተሾመች ብቻዋን ቀረች። የልጇ ድምፅ በመስኮቱ በኩል ስሱ ሆኖ ሲመጣ ባልዲውን ሳበችና ሳህኖቹን እያንኳኳች ማጠብ ጀመረች። ሳህኖቹ ቀድሞውንም የታጠቡ ነበሩ።